በምሕዋር ላይ ስንት ሰው አለ? ከምድር ውጭ የሚኖሩትን የመቁጠር ታሪክና ትርጉም

መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የዘመን መለወጫ በዓል ሊገባደድ ሲል፣ በካዛኪስታን ከሚገኘው የባይኮኑር ማስወንጨፊያ ጣቢያ አንድ ሮኬት ወደ ሰማይ ተተኮሰ። በአዲስ አበባ ሰዓቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ነበር። በሮኬቱ አናት ላይ በተገጠመችው «ሶዩዝ ኤምኤስ-26» መንኮራኩር ውስጥ ሁለት ሩሲያውያንና አንድ አሜሪካዊ ተቀምጠዋል። ከዘጠኝ ደቂቃ ገደማ በኋላ መንኮራኩሯ ምሕዋሯን ስትይዝ፣ በዚያች ቅጽበት ምድርን በመዞር ላይ የሚገኙ ሰዎች ቁጥር 19 ደረሰ። የሰው ልጅ ወደ ጠፈር መውጣት ከጀመረ ወዲህ ይህን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ በምሕዋር ላይ ተገኝቶ አያውቅም ነበር።

አሥራ ዘጠኙ በአንድ ጣራ ሥር አልነበሩም። ዘጠኙ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ፣ ሦስቱ «ቲያንጎንግ» በተሰኘው የቻይና ጣቢያ ይኖሩ ነበር። አራቱ ከአንድ ቀን በፊት ከፍሎሪዳ በተነሣው «ፖላሪስ ዶውን» በተባለው የግል በረራ ላይ ነበሩ። የቀሩት ሦስቱ ገና ወደ ጣቢያው በመጓዝ ላይ ያሉት የሶዩዝ ተሳፋሪዎች ናቸው። ድምሩ ለልጅ የሚሰጥ የሒሳብ ጥያቄ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከአሥራ ዘጠኙ መካከል ሁለቱ፣ ባሪ ዊልሞርና ሱኒታ ዊሊያምስ፣ በዚያች ምሽት አደጋ ቢደርስ ወደ ምድር የሚመለሱበት ደንበኛ ወንበር አልነበራቸውም። በምሕዋር ላይ ያሉ ሰዎች ቁጥር ከጉጉት ያለፈ ትርጉም የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ወደዚህ ጉዳይ ኋላ እንመለሳለን፤ አስቀድሞ ግን ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ማየት ይገባል።

መዝገብ የሌለው ቆጠራ

በአንድ ከተማ ስንት ሰው እንደሚኖር ለማወቅ የሕዝብ ቆጠራ ይካሄዳል፤ ቆጠራውን የሚያከናውንና ውጤቱን የሚያጸድቅ መሥሪያ ቤትም አለ። የምሕዋር ነዋሪዎችን ቁጥር የሚያጸድቅ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ግን የለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የያዘው መዝገብ ወደ ጠፈር የተላኩ ቁሶችን ብቻ የሚመለከት ነው። ሳተላይቱ ይመዘገባል፣ መንኮራኩሩ ይመዘገባል፤ ተሳፋሪው በስሙ የሚገባበት ዓምድ የለም። እ.ኤ.አ. በ1967 የተፈረመው የጠፈር ውል ጠፈርተኞችን የሰው ልጆች ሁሉ ልዑካን ብሎ ይጠራቸዋል፤ አደጋ ቢገጥማቸውም አገሮች ሁሉ እንዲረዷቸው ያዝዛል። እነዚህ ልዑካን ስንት እንደሆኑ የሚያስታውቅ አካል ግን አልሰየመም።

በምድር ላይ የተተከሉ ራዳሮችና ቴሌስኮፖች በምሕዋር ላይ ያለውን ቁስ ሁሉ ሌት ተቀን ይከታተላሉ። የአሜሪካ የጠፈር ኃይል በሚያዘጋጀው ዝርዝር ዓለም አቀፉ ጣቢያ 25544 የሚል ቁጥር ተሰጥቶታል፤ የቻይናው ጣቢያ ዋና ክፍል ደግሞ 48274 ተብሎ ይታወቃል። ራዳሩ ጣቢያው በዚህች ሰዓት በየትኛው ባሕር ወይም በየትኛው አገር ላይ እንደሚያልፍ በትክክል ይናገራል፤ በውስጡ ስንት ሰው እንደሚተነፍስ ግን አያውቅም።

ስለዚህ ቁጥሩ የሚገኘው እንደ እንግዳ ማረፊያ መዝገብ በገቢና በወጪ ነው። የወጣ ይደመራል፣ የተመለሰ ይቀነሳል። የጠፈር ድርጅቶች እያንዳንዱን መነሣትና ማረፍ በሰዓትና በደቂቃ ያስታውቃሉ። ቻይና የተጓዦቿን ስም ብዙውን ጊዜ በመነሻው ዋዜማ ለጋዜጠኞች ታቀርባለች። በሶቪየት ዘመን ዓለም ዜናውን የሚሰማው መንኮራኩሩ ምሕዋሩን ከያዘ በኋላ ነበር፤ የዩሪ ጋጋሪን ስም በራዲዮ ሲነገር ሰውየው በበረራ ላይ ነበረ። ከመንግሥታቱ ውጭ ደግሞ በገዛ ፈቃዳቸው ይህን መዝገብ የሚይዙ ሰዎች አሉ። ከእነርሱም የታወቀው የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ጆናታን ማክዶዌል ሲሆን፣ ከ1989 ጀምሮ በሚያዘጋጀው የጠፈር ዜና መጽሔት የእያንዳንዱን በረራ ዝርዝር ይመዘግባል። ጋዜጠኞች «አዲስ ክብረ ወሰን ተመዘገበ» ብለው ሲጽፉ ብዙ ጊዜ የሚያመሳክሩት ከእንዲህ ዓይነቱ መዝገብ ጋር ነው።

መስመሩ የት ላይ ነው?

ቆጣሪዎቹ ሁልጊዜ አይስማሙም። አለመስማማቱ የሚመጣው ከመደመር ስሕተት ሳይሆን «ጠፈር የት ይጀምራል?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን መስመሩን በ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያሰምራል። አሜሪካ ደግሞ 50 ማይል፣ ማለትም 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የደረሰውን ሁሉ ጠፈርተኛ ብላ ትቀበላለች።

ልዩነቱ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 2021 ጎልቶ ታየ። በዚያ ዕለት በዓለም አቀፉ ጣቢያ 10 ሰዎች፣ በቻይናው ጣቢያ 3 ሰዎች ነበሩ። «ብሉ ኦሪጅን» የተባለው ኩባንያ በዚሁ ዕለት ስድስት ሰዎችን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ አውጥቶ ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ወደ ምድር መለሳቸው። ለጥቂት ደቂቃዎች በጠፈር ውስጥ የነበሩት ሰዎች 19 ሆኑ፤ በምሕዋር ላይ የነበሩት ግን 13 ብቻ ናቸው። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው።

እነዚያ ስድስት ሰዎች ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ የሚያደርገውን አደረጉ፤ ወጡና ወረዱ። ምሕዋር የያዘ ሰው ግን በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ጎን ይሮጣል። እርሱም እየወደቀ ነው፤ ነገር ግን ፍጥነቱ እጅግ ብዙ በመሆኑ በወደቀ ቁጥር የምድር ገጽ ከሥሩ ይጎብጥና ይሸሸዋል። በ90 ደቂቃ አንድ ጊዜ ምድርን የሚዞረውም በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ «መኖር» የሚለውን ቃል በቅጡ ለመጠቀም ከፈለግን፣ ቆጠራችን ምሕዋር የያዙትን ብቻ ቢመለከት ይሻላል። በ10 ደቂቃ በረራ ውስጥ የሚተኛ፣ የሚበላ፣ ልብሱን የሚቀይር የለም።

ከአንድ እስከ ዐሥራ ሦስት

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 1961 ቁጥሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዜሮ ወደ አንድ ከፍ አለ፤ ከ108 ደቂቃ በኋላም ተመልሶ ዜሮ ሆነ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ጌርማን ቲቶቭ ከአንድ ቀን በላይ ቆይቶ በምሕዋር ላይ እንቅልፍ የወሰደው የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በእኔ አስተያየት «የመጀመሪያው ነዋሪ» የሚለው ስም ለጋጋሪን ሳይሆን ለእርሱ ይገባል። በ1962 ሁለት የሶቪየት መንኮራኩሮች በአንድ ጊዜ ሲበሩ ቁጥሩ ሁለት ሆነ፤ በኦክቶበር 1969 ሦስት ሶዩዞች ተከታትለው ተነሥተው ሰባት አደረሱት።

የቁጥሩ መውረድ ግን ሁልጊዜ የደስታ መመለስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1971 ሦስት ሰዎች በመጀመሪያው የጠፈር ጣቢያ 23 ቀን ገደማ ቆይተው በ«ሶዩዝ 11» ሲመለሱ፣ ገና በከፍታ ላይ ሳሉ አንድ የአየር ማስተላለፊያ ክዳን ተከፍቶ አየሩ ወጣ። መንኮራኩሯ በሰላም አረፈች፤ በሯን የከፈቱት ሰዎች ግን ያገኙት ሦስት አስከሬን ነበር። በጊዮርጊ ዶብሮቮልስኪ፣ በቭላዲስላቭ ቮልኮቭና በቪክቶር ፓትሳየቭ ላይ የደረሰው ይህ ሞት፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የደረሰ ብቸኛው የሰው ሞት ሆኖ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ሦስቱ የጠፈር ልብስ ያልለበሱት ቦታ ስላልነበረ ነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሶዩዝ ሁለት ሰው ብቻ ሲይዝ ኖረ፤ የሦስተኛው ሰው ቦታ ለልብሱና ለመተንፈሻ መሣሪያው ተሰጠ። በ1970ዎቹ የምሕዋር ነዋሪዎች ቁጥር ዝቅ ብሎ የሚታይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በ1985 ቁጥሩ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዐረብ ገባ። የሳዑዲው ልዑል ሱልጣን ቢን ሰልማን በጁን ወር በአሜሪካዋ «ዲስከቨሪ» ሲጓዝ፣ ከእርሱ ጋር በመንኮራኩሯ ሰባት፣ በሶቪየቱ «ሳልዩት 7» ጣቢያ ደግሞ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ በድምሩ ዘጠኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሶርያዊው ሙሐመድ ፋሪስ ወደ «ሚር» ጣቢያ ወጣ።

ተርጓሚ ለሆነ ሰው እዚህ ላይ አንድ ቃል ዝም ብሎ አይታለፍም። አማርኛ «ጠፈርተኛ» ሲል መነሻው በግእዝ ጣራንና የሰማይን ጉልላት የሚያመለክተው «ጠፈር» ነው። ዐረብኛ ግን «ራኢድ አል-ፈዳእ» ይላል። ራኢድ በጥንቱ ዐረብኛ ነገዱ ከመንቀሳቀሱ በፊት ውኃና ግጦሽ ለማየት ቀድሞ የሚላከው ሰው ነው። ዐረቦች ስለ እርሱ ሲተርቱ፣ ራኢድ ወገኖቹን አይዋሽም ይላሉ፤ ቢዋሽ ሁሉም በጥም ያልቃልና። ሁለቱ ቃላት አንዱን ሰው ይጠሩታል፤ አንዱ የሄደበትን ቦታ፣ ሌላው የተላከበትን ምክንያት ይዞ።

ከሴፕቴምበር 1989 ጀምሮ ሚር ለዐሥር ዓመት ያህል አንድም ቀን ባዶ ሳይሆን ቆየ። ሰርጌይ ክሪካሌቭ በሜይ 1991 ከሶቪየት ኅብረት ተነሥቶ በማርች 1992 ሲመለስ፣ የላከው መንግሥት በዓለም ካርታ ላይ አልነበረም፤ በቆጠራው ግን እርሱ ያው አንድ ሰው ነበረ። በማርች 14 ቀን 1995 በሚር የነበሩት ሦስት፣ ወደዚያው በመጓዝ ላይ ያሉ ሦስት እና በ«ኢንዴቨር» መንኮራኩር የነበሩ ሰባት አሜሪካውያን ተደምረው 13 ሆኑ። ይህ ቁጥር ከሃያ ስድስት ዓመት በላይ አልተሰበረም።

የመጨረሻው ዜሮ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 24 ቀን 2000 «ዲስከቨሪ» በካሊፎርኒያ ስታርፍ በምሕዋር ላይ አንድም ሰው አልቀረም። ባዶነቱ አንድ ሳምንት ቆየ። በኦክቶበር 31፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ አሜሪካዊው ዊሊያም ሼፐርድ፣ ሩሲያውያኑ ዩሪ ጊድዜንኮና ይኸው ሰርጌይ ክሪካሌቭ ከባይኮኑር ተነሡ፤ ከሁለት ቀን በኋላም የዓለም አቀፉን ጣቢያ በር ከፍተው ገቡ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ተመልሶ አያውቅም። ከዚያ ቀን በኋላ የተወለደ ሰው፣ የሰው ልጅ ሁሉ በምድር ላይ ብቻ የነበረበትን አንድም ሌሊት አላየም።

ዜሮ ባይሆንም ወደ ዜሮ የቀረበበት ጊዜ ግን አለ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ጠዋት በምሕዋር ላይ ዐሥር ሰዎች ነበሩ፤ ሰባቱ ወደ ቤታቸው ለመመለስ መውረድ በጀመረችው «ኮሎምቢያ»፣ ሦስቱ በጣቢያው። ኮሎምቢያ ልታርፍ 16 ደቂቃ ገደማ ሲቀራት በቴክሳስ ሰማይ ላይ ተበታተነች። የመጀመሪያው እስራኤላዊ ጠፈርተኛ ኢላን ራሞንን ጨምሮ ሰባቱም ሞቱ። የቀሩት ሦስቱ ኬኔት ባወርሶክስ፣ ኒኮላይ ቡዳሪንና ዶናልድ ፔቲት ነበሩ። ዜናውን የሰሙት በጣቢያው ውስጥ ሆነው ነው። ይዛቸው የወጣችው መንኮራኩር የኮሎምቢያ እኅት ነበረች፤ አሁን የእርሷ ዓይነት በረራ ሁሉ ታገደ። የቀረቻቸው ለአደጋ ጊዜ ተብላ ከጣቢያው ጋር ተጣብቃ የቆየችው አንዲት ሶዩዝ ነበረች። በሜይ ወር በእርሷ ሲመለሱም በስሌት ጉድለት ከታሰበው ቦታ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በካዛኪስታን ሜዳ ላይ ወደቁ፤ ፈላጊዎቹ እስኪያገኟቸው ድረስ ሰዓታት አለፉ።

ከእነርሱ በኋላ በጣቢያው ሁለት ሰዎች ብቻ ቀሩ፤ ሩሲያዊው ዩሪ ማሌንቼንኮና አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሉ። በምሕዋር ላይ ከእነርሱ ሌላ ሰው አልነበረም። በኦክቶበር 15 ቀን 2003 ያንግ ሊዌይ ከቻይና ብቻውን ተነሥቶ ለ21 ሰዓት ሲዞር ቁጥሩ ሦስት ሆነ፤ አንድ ሩሲያዊ፣ አንድ አሜሪካዊ፣ አንድ ቻይናዊ። እስከ ዛሬ ሰውን በራሳቸው ኃይል ወደ ምሕዋር ያደረሱት መንግሥታት እነዚሁ ሦስቱ ሲሆኑ፣ በዚያች ዕለት እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ነበራቸው።

ሰውና ወንበር

ለጠፈር ድርጅቶች በዚህ ቆጠራ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ «ስንት ሰው አለ?» የሚለው ብቻ አይደለም። «ስንት መመለሻ ወንበር አለ?» የሚለው ከእርሱ ጋር አብሮ ይጠየቃል። ሕጉ ቀላል ነው፤ በጣቢያው ያለ እያንዳንዱ ሰው፣ እሳት ቢነሣ ወይም ግድግዳው ቢበሳ፣ ገብቶ የሚሸሽበት ወንበር ከጣቢያው ጋር በተጣበቀ መንኮራኩር ውስጥ ሊኖረው ይገባል። ጣቢያው ለዓመታት ከሦስት ሰው በላይ በቋሚነት ያላኖረው በውስጡ ቦታ ጠፍቶ አይደለም፤ አንዲት ሶዩዝ የምትይዘው ሦስት ብቻ በመሆኑ ነው። በ2009 ሁለት ሶዩዞች በቋሚነት መጣበቅ ሲጀምሩ ነዋሪዎቹ ስድስት ሆኑ። አራት ሰው የምትይዘው የስፔስኤክስ «ድራጎን» በ2020 መደበኛ ሥራ ስትጀምር ደግሞ ሰባት ሆኑ። የቻይናው ጣቢያ ሦስት ነዋሪዎች አሉት፤ ተረኞች ሲለዋወጡ ለጥቂት ቀናት ስድስት ይሆናሉ። በአዘቦት ቀን ቁጥሩ ዐሥር አካባቢ የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ወንበሩም እንዲሁ የትም የሚገኝ ወንበር አይደለም። በሶዩዝ ውስጥ እያንዳንዱ ተጓዥ በገላው ልክ የተቀረጸ መደገፊያ አለው፤ መሬት ሲነካ የሚደርስበትን ግጭት የሚያበርድለት እርሱ ነው። የሌላ ሰው መደገፊያ እንደ ሌላ ሰው ጫማ ነው፤ ጉዳቱ ግን እግር ላይ ሳይሆን አከርካሪ ላይ ይወድቃል።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ከጣቢያው ጋር ከተጣበቀችው «ሶዩዝ ኤምኤስ-22» የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ወደ ጠፈር ሲረጭ በካሜራ ታየ። በውስጧ ለመመለስ ያቀዱት ሦስት ሰዎች በአንድ ሌሊት መመለሻ አልባ ሊባሉ የሚችሉ ሆኑ፤ መንኮራኩሯ ሦስት ሰው ይዛ ብትወርድ በውስጧ ያለው ሙቀት ከሚገባው በላይ ሊጨምር ይችል ነበርና። መፍትሔ ሲፈለግ፣ ከሦስቱ አንዱ የሆነው አሜሪካዊው ፍራንክ ሩቢዮ መደገፊያው ተነቅሎ ወደ ጎረቤቷ ድራጎን ተወሰደ። እርሱ ከወጣ የሁለቱ ባልደረቦቹ ሙቀት ይቀንሳል ተብሎ ነው። በፌብሩዋሪ 2023 ሌላ ሶዩዝ ያለ ሰው ተልካ ደረሰች። ሆኖም የእነርሱ ተተኪዎች የሚመጡባት መንኮራኩር እርሷ ስለነበረች፣ ስድስት ወር ብሎ የወጣው ሩቢዮ 371 ቀን ቆይቶ ተመለሰ። ይህም ከአሜሪካውያን መካከል በአንድ ጉዞ ረጅሙ ቆይታ ነው።

ዊልሞርና ዊሊያምስ በጁን 2024 ለስምንት ቀን ያህል ብለው በቦይንግ «ስታርላይነር» ወጡ። በመንገድ ላይ ሂሊየም አፈሰሰች፣ አንዳንድ ሞተሮቿም አንገራገሩ። ናሳ ከሳምንታት ምርመራ በኋላ ሰው ይዛ እንዳትመለስ ወሰነ፤ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ባዶዋን ወርዳ በሰላም አረፈች። ሁለቱ ሰዎች ግን በጣቢያው ቀሩ። ወንበር ይዛ የምትመጣላቸው ድራጎን እስክትደርስ ድረስ ለሦስት ሳምንት ያህል፣ አስቸኳይ አደጋ ቢፈጠር ሊሸሹ የታሰበው በሌላዋ ድራጎን ውስጥ፣ ከአራቱ ወንበሮች ሥር ባለው የዕቃ ቦታ፣ በስፖንጅ በተደላደለ ጊዜያዊ መኝታ ላይ ነበር። የአሥራ ዘጠኙ ክብረ ወሰን የተመዘገበው በዚህ መካከል ነው። አዲሷ ድራጎን በሴፕቴምበር መጨረሻ ስትደርስ ከአራት ወንበሮቿ ሁለቱ ሆን ተብሎ ባዶ ተደርገው ነበር፤ ለእነዚያ ወንበሮች የሠለጠኑ ሁለት ሰዎች በምድር ቀርተዋል። ዊልሞርና ዊሊያምስ በማርች 18 ቀን 2025፣ ከ286 ቀን በኋላ ተመለሱ።

ቻይናም ይኸው ደርሶባታል። በኖቬምበር 2025 «ሸንዡ 20» በጠፈር ስብርባሪ ሳትመታ አልቀረችም ተብሎ በመስኮቷ ላይ ስንጥቅ ሲገኝ፣ ተሳፋሪዎቿ በተተኪዎቻቸው መንኮራኩር ተመለሱ። ተተኪዎቹ ሦስት ሰዎች ለብዙ ቀናት ያለ አስተማማኝ መመለሻ ከቆዩ በኋላ በኖቬምበር 25 ሌላ መንኮራኩር ባዶዋን ተላከችላቸው። አሜሪካውያኑና ሩሲያውያኑ በአንድ ጣቢያ ስለሚኖሩ አንዱ ሲቸገር የሌላው ወንበር ሊታሰብ ይችላል። በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ግን መሻገሪያ የለም፤ የሚዞሩት በተለያየ የምሕዋር ዝንባሌ ላይ በመሆኑ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ለዛሬዎቹ መንኮራኩሮች ነዳጅ አይበቃም። ስለዚህ 19 ወይም 10 ብለን የምንደምረው ሕዝብ በእርግጥ እርስ በርሱ ሊረዳዳ የማይችል የሁለት ደሴት ሕዝብ ነው።

ከዐሥራ ሰባቱ መካከል ሦስት ዐረቦች

በዚህ አካባቢ ለምንኖር ከሁሉ የሚታወሰው ቀን ግንቦት 22 ቀን 2015 ዓ.ም. ሊሆን ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ሜይ 30 ቀን 2023 ማለት ነው። በዚያ ጠዋት «ሸንዡ 16» ሦስት ሰዎችን ይዛ ስትነሣ ቁጥሩ ለመጀመሪያ ጊዜ 17 ሆነ፤ ከዚያ በፊት የነበረው ከፍተኛው 14 ነበር። በቲያንጎንግ በኩል ስድስት፣ በዓለም አቀፉ ጣቢያ ዐሥራ አንድ። ከዐሥራ አንዱ መካከል ኢማራታዊው ሱልጣን አል-ነያዲ፣ ሳዑዲዎቹ ራያና በርናዊና ዓሊ አል-ቀርኒ ይገኙ ነበር። አል-ነያዲ ከማርች ጀምሮ በጣቢያው የነበረ፣ በኤፕሪል ወር ከጣቢያው ውጭ የጠፈር ጉዞ ያደረገ የመጀመሪያው ዐረብ ነው። በርናዊ ደግሞ ምሕዋር የያዘች የመጀመሪያዋ ዐረብ ሴት ናት። ፍራንክ ሩቢዮም በዚያው ነበረ፤ መመለሻውን እየጠበቀ። ሁለቱ ሳዑዲዎች የነበሩባት መንኮራኩር በዚያው ቀን ከጣቢያው ተላቅቃ በማግስቱ ንጋት በፍሎሪዳ አቅራቢያ ባሕር ላይ ስላረፈች፣ 17 የሚለው ቁጥር የቆየው ለአንድ ቀን ያህል ብቻ ነው።

ኢማራት ከአራት ዓመት በፊት የላከችው ሐዛዕ አል-መንሱሪ በጣቢያው ስምንት ቀን ገደማ ሲቆይ በምሕዋር ላይ የነበሩት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ሳተላይት እንጂ ሰው አልላከችም።

ሁለቱም ጣቢያዎች ግን በኢትዮጵያም በዐረብ ባሕረ ገብ መሬትም ሰማይ ላይ ያልፋሉ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባለው አንድ ሰዓት፣ ወይም ከንጋት በፊት፣ እንደ ደማቅ ኮከብ ሆነው ሳይብለጨለጩ በጸጥታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሲሻገሩ በዐይን ይታያሉ። የሚያብለጨልጭ ከሆነ አውሮፕላን ነው። በዚያ ብርሃን ውስጥ ያሉት ሰዎች በአንድ ቀን 16 ጊዜ ያህል ፀሐይ ስትወጣ ያያሉ፤ እንደ እኛ ሰዓትን ከንጋት ጀምሮ ለሚቆጥር ሰው የማይመች ኑሮ ነው። ስለዚህ በዓለም አቀፉ ጣቢያ ሰዓቱ በግሪንዊች ተስተካክሏል፤ ከአዲስ አበባና ከሪያድ ሦስት፣ ከአቡ ዳቢ አራት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል።

በዘመን መለወጫው ምሽት በተተኮሰችው ሶዩዝ ውስጥ የነበሩት ሦስቱ ሰዎች አሌክሲ ኦቭቺኒን፣ ኢቫን ቫግነርና ዶናልድ ፔቲት ነበሩ። ኦቭቺኒን በ2018 ሮኬቱ በመንገድ ላይ ተበላሽቶ ምሕዋር ሳይደርስ በአደጋ ማምለጫ የተረፈ ሰው ነው፤ በዚያ ቀን በቆጠራው ውስጥ ሳይገባ ተመልሷል። ፔቲት ከኮሎምቢያ አደጋ በኋላ በምሕዋር ላይ ከቀሩት ሦስቱ አንዱ የነበረው ያው ፔቲት ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2025 ማለዳ፣ 70 ዓመት በሞላው ዕለት፣ ከሁለቱ ባልደረቦቹ ጋር በካዛኪስታን ሜዳ ላይ አረፈ። በዚያ ማለዳ ቁጥሩ ከ13 ወደ 10 ወረደ።